ቤታችን ያላለፈበት መንገድ

ባለፈው ቅዳሜ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር አዲስ ቢራ ቤት በሚሠራበት ግቢ አጠገብ ሳልፍ የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ሽታው ተከተለ። አናጺው ከዶርዜ የመጣ የአሮጌ ቤት ቀርከሃ ለአጥር እየቆረጠ ነበር። አዲስ ቀርከሃ ሲቆረጥ የሚሸተው እርጥብ ሣር ነው። አሮጌው ግን ስንት ዓመት የጠጣውን ጭስ፣ የላም ትንፋሽና የተቆላ ገብስ ሽታ አምቆ ይቆይና መጋዝ ሲነካው አንድ ላይ ይተፋዋል። ቆሜ ቀረሁ።

«ወንድሜ፣ ምን ጠፋብህ?» አለኝ አናጺው።

«ምንም» ብዬው አለፍኩ፤ ሽታው ግን እስከ ታችኛው ሰፈር፣ እስከ ሲቀላ ድረስ ሸኘኝ።

ያደግሁት ዶርዜ፣ አያቴ አባባ ዋዳ በእጃቸው በሠሩት ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ አንድ ሚስማር አልነበረውም። የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ እስከ ታች እንደ ቅርጫት ተጠላልፎ የቆመ፣ በላዩ የደረቀ ቅጠል የለበሰ፣ እኛንም ላማችንንም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሳድር ረጅም ቤት ነበር። ረጅም የነበረው ግን በወጣትነቱ ነው። ምስጥ ግርጌውን በበላው ቁጥር አያቴ የተበላውን ስለሚቆርጡት ቤቱ በየጊዜው ያጥራል። «አንተ ወደ ላይ፣ እሱ ወደ ታች፤ አንድ ቀን ትገናኛላችሁ» ይሉኝ ነበር በቋንቋችን፤ እኔም ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ስንት እንደቀረን አይ ነበር።

ምስጡ ሲብስ ቤቱ ራሱ ይነሣል። ጎረቤት ተጠርቶ ይመጣል፣ ከሥሩ ረጃጅም እንጨት ይገባል፣ ጎረምሶቹ በአንድ ድምፅ ጮኸው ይሸከሙታል፣ ከዚያ ጥቂት ወዲያ ማዶ ንጹሕ መሬት ላይ ያሳርፉታል። እኛ ልጆች ውስጡ ሆነን አብረን እንሄዳለን። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ሆነን የሚታየን በቤቱ ግርጌና በመሬቱ መሀል የሚተራመስ እግር ብቻ ነው፤ እግር እያየን የማን አባት፣ የማን ወንድም እንደሆነ እንወራረዳለን። ታናሹን አጎቴን በተሰነጠቀ ተረከዙ ከሁሉም በፊት የምለየው እኔ ነበርኩ።

በደርግ ጊዜ የመንደር ምስረታው ትእዛዝ ሲመጣ ይዞት የመጣው ጓድ ታደለ የሚባል ወጣት ካድሬ ነበር። የተወለወለ ቡት ጫማ ነበረው፤ ጭቃችንን ሲረግጥ እያዘነለት ነው የሚረግጠው። ሕዝቡን ሰብስቦ ቤቶች ሁሉ ከተራራው ወርደው በመኪናው መንገድ ዳር ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ በገመድ ልክ እንደሚሰለፉ፣ ከዚያም ውሃና ትምህርት ቤት እንደሚመጣልን ነገረን።

«ሌላ አገር ሰው ቤቱን አፍርሶ ነው የሚሠራው» አለ እየሳቀ። «የእናንተ ቤት እንደሁ እግር አለው! ምን ሰበብ አላችሁ?»

አብሮት የሳቀም ነበር። አያቴ ግን ተነሡ። ቤታቸው እንዳረጀ፣ ከአጥር እስከ አጥር እንጂ ከተራራ እስከ ሜዳ መጓዝ እንደማይችል አስረዱት። ክረምቱ ይለፍ፣ አዲስ አበባ ሸማ የሚሠራው አባቴም ይመለስ፣ ያን ጊዜ ሜዳው ላይ አዲስ ቤት እንሠራለን አሉ። «ትንሽ ብትታገሺን ምን አለበት?» ብለው ጨረሱ። አማርኛቸው የገበያ ስለነበር ወንዱም ሴቱም ለእሳቸው «አንቺ» ነው። ሰዉ አጉረምርሞ ሳቀ፤ ጓድ ታደለ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። በመጪው ሳምንት አለቃው ከአርባ ምንጭ መጥቶ ሰልፉን እንደሚያይ፣ እስከዚያ ያልወረደ ቤት ባለበት እንደሚቃጠል ተናግሮ ስብሰባውን ዘጋ።

ቤት የሚያነሡት ጎረምሶች ደግሞ አልነበሩም። አንድ የገበያ ቀን ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሰው፣ በጭነት መኪና ተጭነው ሄደዋል። አጎቴ ሄዷል፤ የጎረቤታችን የእማማ ዳምኔ ሁለት ልጆችም ሄደዋል። ሸካሚዎቹን ከወሰዱ በኋላ ነው ሸክሙን ያዘዙን።

የእኛ ተራ ሲደርስ እንደ ልማዴ ቤቱ ውስጥ ገባሁ። ቤቱ ተነሣ፤ ጩኸቱ ግን ቀጭን ነበር። ጎንበስ ብዬ ባይ የሽማግሌና የሴት እግር ብቻ ነው። የተሰነጠቀውን ተረከዝ ፈለግሁት፣ የለም። ከፊት በኩል ያሉት እግሮች የእናቴ መሆናቸውን ሳውቅ ከጎኔ ላሉት ልጆች አልነገርኳቸውም፤ ውርርዱም በዚያው ቀረ።

ወደ ሜዳው የሚወርደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ መሀሉ ላይ የእማማ ዳምኔን እርሻ አፈር ደግፈው በቆሙ ሁለት ከፍ ያሉ የድንጋይ ካቦች መካከል ይጠባል። አንድ ጥማድ በሬ እንደልቡ ያልፍበታል፣ ቤት ግን አያልፍበትም። ቀደም ብለው የወረዱት ቤቶች የታችኛው መንደር ስለነበሩ ይህ አልገጠማቸውም። ሸካሚዎቹ አሳረፉን።

«ካቡን አፍርሱት!» አለ ጓድ ታደለ ሰዓቱን እያየ። «ነገ ይካባል።»

እማማ ዳምኔ ከካቡ በላይ፣ ገብሳቸው መሀል ቆመዋል። ያ ካብ ከፈረሰ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ገደል እንደሚጨምረው ልጅ እንኳ ያውቃል።

«ማን ይክባል?» አሉ አያቴ።

የሚክቡት የት እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጓድ ታደለም ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ ቡት ጫማውን ማየት ጀመረ። ቢሆንም አለቃው መምጣቱ አይቀርም፤ «አባባ፣ ወይ ካቡ ወይ ቤቱ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አያቴ እኛን ልጆቹን ከቤቱ አስወጡንና ገጀራ ጠየቁ። ከዚያ ብቻቸውን ገብተው ብዙ ቆዩ። በኋላ እንደነገሩኝ ሲሠሩት ጠለፋውን የጀመሩበትን ቦታ እየፈለጉ ነበር። ካገኙት በኋላ አልቆራረጡትም፤ እየነቀሱ ፈቱት፣ እምቢ ያለውን ብቻ በገጀራው አሉት። ያን ጊዜ ነው ሽታው የወጣው፤ ጭስ፣ ላም፣ ገብስ። እናቴ ለአዲሱ ምድጃ በገል የያዘችውን ፍም እፍ እያለች አለቀሰች፤ ጭሱ ነው አለችን። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፣ በጎኑ እየሆነ በካቦቹ መሀል ተራ በተራ አለፈ። ከካቡ አንድ ድንጋይ አልተነካም።

ሜዳው ላይ ሁለቱን ግማሾች በገመድ አሰርናቸው። አለቃው በተባለው ቀን መጣ፤ መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ በመስኮት አየን፣ ሄደ። ውሃውም ትምህርት ቤቱም አልመጣም። ክረምቱ ግን በዚያ ስፌት በኩል ገባ። አያቴ ቀዳዳውን በደረቅ የእንሰት ቅጠል ሲወትፉ ይውላሉ፣ ነፋሱ ሌሊት ያወጣዋል፣ በማግስቱ እንደገና ይወትፋሉ። በሁለተኛው ክረምት ሳል ያዛቸው፤ ከዚያ አልተነሡም።

ደርግ ሲወድቅ ሰዉ ቤቱን ተሸክሞ እየጨፈረ ወደ ተራራው ተመለሰ። የእኛ የሚነሣ አልነበረም። አባቴ ከአዲስ አበባ መጥቶ ለማገዶ ቆራረጠው፤ ቆርቆሮ ቤትም ሠራ። እኔና ያ ቤት ሳንገናኝ ቀረን፤ እኔ ወደ ላይ አድጌ ሳልጨርስ እሱ ወደ ታች ወርዶ አለቀ።

ከዚያ ሽታ በኋላ አላስችል ብሎኝ እሑድ ወደ ዶርዜ ወጣሁ። እማማ ዳምኔ በሕይወት አሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቀው ሲያውቁ የተቀቀለ ድንች ሰጡኝ፤ ስለ ልጆቻቸው አልጠየቅኋቸውም፣ ለውትድርና ከሄዱት አጎቴን ጨምሮ የተመለሰ የለም። ካቡ እንዳለ ነው። ገብሱ በላዩ አሽቷል፣ ማን እንደሚያጭደው እንጃ።

በሁለቱ ካቦች መሀል ወርጄ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየኋቸው። አንድ የወደቀ ድንጋይ ባገኝ ወደ ቦታው ልመልሰው ፈልጌ ነበር። አንድም አልወደቀም።