የጋሽ አባይነህ ጣቶች

ጋሽ አባይነህ የቆዳ መስፊያ ማሽን መጠገን ከጀመሩ ሠላሳ አራት ዓመት ሆናቸው። ከመካኒሳ እስከ ጀሞ ቦርሳና ጫማ የሚሰፉ ቤቶች ማሽን ሲያስቸግራቸው የሚደውሉት ለእሳቸው ነው። የክሩን የመጥበቅ ልክ የሚያውቁት በጣታቸው ነበር። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው ሳብ ያደርጋሉ፤ ብሎኑን ትንሽ ያዞራሉ፤ እንደገና ይስባሉ። ማጥበቂያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አያዩም። "ሞላው አርጅቷል፤ ቁጥሩ ግን አላረጀም" ይላሉ።

ባለፈው ጥቅምት መካኒሳ አቦ አካባቢ የሴት ቦርሳ እያሰፋች ለሱቆች የምታስረክበው ሐሚዳ ጠራቻቸው። ያላት አንድ ማሽን ከቆዳው ሥር ክር እያንዠረገገ አላሠራ ብሏታል።

"ከላይ ሲያዩት ሙሽራ ነው፤ ገልብጠው ይዩት" ብላ የተሰፋውን ቆዳ ሰጠቻቸው።

ገልብጠው አዩ። ክር ከሥር ሲንዠረገግ ሰው ሁሉ የታችኛውን ክር ብሎን ይነካል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ክር ነው።

"የታችኛውን ማነው የነካው?"

የሐሚዳ ሰፊ ሳዳም፣ ልጆች ያደረሰ ሰው፣ አቀረቀረ። "እኔ አይደለሁም ብል ያምኑኛል?"

"አላምንህም። ካቻቢቴ ከአንተ መደበቅ ነው።"

መርፌውን ቀየሩ። የላይኛውን ክር ጨምቀው ከሚይዙት ሁለት ክብ ብረቶች መሀል የተወሸቀ ብጣሽ ክር አወጡ። ጥፋቱ ይኸው ነበር። ሳዳም የነካካውን የታችኛውን ማስተካከል ብቻ ቀራቸው። ክሩን ሳቡት፤ የላላ መሰላቸው፤ አጠበቁ። እንደገና ሳቡት፤ አሁንም የላላ መሰላቸው፤ አጠበቁ።

ሳዳም ፔዳሉን ረገጠ። አራት ስፌት ሳይሄድ ክሩ ተበጠሰ።

"የማይረባ ክር ነው" አሉ።

ሐሚዳ ከመደርደሪያው ሌላ ጥቅል አወረደች። እሱም ተበጠሰ።

"ይሄም ያው ነው።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከዚህ ሌላ እንዳትገዢ ብለው ራስዎ ያሳዩኝ ክር ነው።"

ጋሽ አባይነህ ክሩን መልሰው አስገብተው መርፌውን የሚያወጣ የሚያወርደውን ጎማ በእጃቸው እያዞሩ አጎንብሰው ማየት ጀመሩ። ቡናማው ቆዳ ላይ ጠብታ ወደቀ፤ ከዚያ ሌላ።

"ጋሼ፣ እጅዎ እየደማ ነው" አለች ሐሚዳ።

መርፌው የአውራ ጣታቸውን ጫፍ ወግቶ ወጥቷል። ደሙን የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ አዩት።

"አላመመዎትም?" አለ ሳዳም።

"አላመመኝም።" በርጩማው ላይ ተቀመጡ። "ስኳሩ መጀመሪያ እግሬን ነበር ያደነዘዘኝ። እጄ ላይ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። ክሩን መያዜን የማውቀው ዓይኔ ስላየው ነው እንጂ ጣቴስ የለም።"

ሐሚዳ ጣታቸውን በንጹሕ ጨርቅ አሰረችላቸው።

"ለምን አልነገሩንም?"

"ከነገርኳችሁ ማን ይጠራኛል?"

ተነሡ። "ነይ፣ አንቺ ሳቢው። ሳይቆራረጥ እኩል መምጣት አለበት። ጣትሽን የሚቆርጥ ከመሰለሽ በጣም ጠብቋል።"

ሳበችው። "ይቆርጣል።"

"ብሎኑን ሩብ ዙር መልሺ።"

መለሰች። ሁለቴ እንዲህ ካደረገች በኋላ ሳዳም ሰፋ። ክሩ አልተበጠሰም። ድሮ ቢሆን ጋሽ አባይነህ የስፌቱን ሥር በጣታቸው ዳበስ አድርገው ይጨርሱ ነበር። አሁን መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ቋጠሮው ከላይም ከታችም አይታይም፤ ቆዳው መሀል ተቀብሯል።

"ደህና ነው" አሉ።

ካቻቢቴዋን ሳያነሡ ስልካቸውን አወጡ። የደወሉት ጀሞ ላለው ጫማ ሰፊ ለራጉኤል ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ማሽኑን አስተካክለውለት ክሩ እየተበጠሰ ሲያስቸግረው፣ ርካሽ ክር ትገዛለህ ብለው ደንበኞቹ ፊት አዋርደውት ነበር።

"ራጉኤል፣ ክርህ ደህና ነበር" አሉት። "እኔ ነኝ ያጠበቅሁብህ። እጄ አይሠራም። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ጥራ።"

በስልኩ ውስጥ ከራጉኤል ኋላ መዶሻ ይሰማል።

"ማንን ልጥራ ጋሼ?"

ጋሽ አባይነህ አሰቡ። በሠላሳ አራት ዓመት ሥራውን ለማንም አላሳዩም ነበር፤ ያሳየሁት ሰው ገበያዬን ይወስዳል ብለው ይፈሩ ነበር።

"እኔ እንጃ ልጄ" አሉ።