ማንም ያላዘዘኝ ማኅተም

ያረጀሁት ዲላ ውስጥ በቆርቆሮ ላይ የሱቅ ስም ስጽፍ ነው። ሥዕል የሚባል ትምህርት አልገባሁም። አንድ ጊዜ ለሥጋ ቤት በሬ ስዬ ባለቤቱ “ውሻህ ያምራል” ብሎ ነው የተረከበኝ።

ሚሌኒየሙን ካከበርን በኋላ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ አየር ንብረት ለውጥ የመንገድ ዳር ሰሌዳ አዘዘኝ። የመጣው ወጣት ባለሙያ “አባባ፣ ብዙው ገበሬ ጽሑፍ ስለማያነብ በሥዕል ይሁን። ግራፊክ ዲዛይን ይባላል” አለኝ። እስከዚያች ቀን ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ማዕረጉ ሲጨመርልኝ ለሚስቴ እንኳ ቶሎ መልስ መስጠት ተውኩ።

ሰሌዳው ዱመርሶ በምትባል የገጠር ቀበሌ የሚቆም የወራት ሥዕል ነው። ዝናብ ለሚገባበት ወር ጠብታ፣ ችግኝ ለሚተከልበት እጅ፣ ቡና ለሚለቀምበት ቅርጫት። እኔ ደግሞ የከተማ ሰው ነኝ፤ ዝናብ የማውቀው ቀለሜን ሲያጥብብኝ ነው። ስለዚህ እዚያው ዱመርሶ ቡና የሚያለማውን የሚስቴን ታላቅ ወንድም ጠየቅኩት። ዓይኑን ጨፍኖ አሥራ ሁለቱንም ወር እንደ ዳዊት አነበነበልኝ። “መጋቢት አጋማሽ ላይ ዝናቡ ይገባል፤ ችግኝም ያኔ ነው” አለኝ። እንዳለው ሳልኩ።

ሥራው ሲያልቅ ከታች በኩል አንድ ጥግ ባዶ ቀረ። ባዶ ቦታ ሳይ እጄን ይበላኛል። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ላይ ያለውን ክብ ማኅተም አየሁና አሳምሬ በወይን ጠጅ ቀለም ሞላሁበት። ባለሙያውም ወደደው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አማቼ ያረጀውን ቡናውን ከግማሽ መሬቱ ላይ ነቅሎ አዲስ ችግኝ ተከለ። በመጋቢት አጋማሽ። ሁለት ቀን ዘነበ፤ ከዚያ ፀሐይ ብቻ ሆነ። ሚስቴ “ሂድና እየው” ብላ ላከችኝ።

ማሳው መሀል ቆሞ አገኘሁት።

“ጋሼ፣ ሰማዩን አላየኸውም እንዴ?”

“አየሁት እንጂ! ነፋሱም ልክ አልነበረም። ልቆይ ብዬ ነበር።”

“ታዲያ?”

“ሰሌዳው መጋቢት ይላላ።”

“አንተ አይደለህ እንዴ መጋቢት ያልከኝ!”

“የኔማ ወሬ ነው። ያንተው ግን ማኅተም አለው። መንግሥት ደግሞ የማናውቀውን ያውቃል ብዬ ነው።”

ጎንበስ ብዬ የአንዱን ችግኝ ቅርፊት በጥፍሬ ፋቅሁ። አረንጓዴ የለውም፤ ደርቋል። ሁለተኛውንም ፋቅሁ።

“ሰሌዳውን አስተካክለዋለሁ” አልኩት። “ጠብታዋን ወደ ሚያዝያ ልውሰዳት?”

“አምና ሚያዝያ ጎርፍ ነበር። ካቻምና የካቲት ላይ ዘነበ።”

“እሺ፣ የት ላድርጋት?”

ያኔ ወራቱን በአንድ ትንፋሽ ያነበነበልኝ ሰው በጣቱ መቁጠር ጀመረና ተወው። እኔም የዘይት ቀለሜን አሰብኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የተመካሁት እንዳይለቅ አድርጌ በመቀባቴ ነበር።

ጥላ ሥር ጥቂት ያልተተከሉ ችግኞች ቀርተውታል። ወደነሱ እያየ “እስቲ አንተ ንገረኝ፤ እነዚህን መቼ ልትከል?” አለኝ።

ያሾፈብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አላሾፈም። በሬ መሳል የማይችለውን እኔን፣ ዝናብ ይጠይቀኛል። ባርኔጣውን አውልቆ መልሴን እየጠበቀ ነበር።