የመተኮሻ ማሽኑ በዓላት

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት፣ ካርቱም ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበር። ሁላችንም ከዴምና ከሳጃና ሰፈሮች የምንመጣ የሐበሻ ሴቶች ነበርን። እርጥብ አንሶላ በሁለት የጋሉ ብረቶች መካከል እያሳለፈ የሚተኩስ ማሽን ነበረን። እጅ እንዳይገባ የሚከለክለው መከላከያ ከተነቀለ ቆይቶ ነበር። አንድ ቀን ማሽኑ አብራኝ የምትሠራውን የጎረቤቴን ጣቶች ወሰደ።

ቁስሏ ሲደርቅ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ፣ ወደ መክተቡ፣ ይዣት ሄድኩ። የሠራተኛን ደኅንነት የሚጠብቅ ሕግ እንዳለ አውቅ ነበር። ጸሐፊው ሰማንና፣

«የግል ድርጅት ቢሆን ዛሬውኑ እንከሰው ነበር» አለ። «ይኼ ግን ሁኩማ ነው። መንግሥት በዚህ ሕግ አይከሰስም።»

«ብረቱ የመንግሥት ሲሆን አያቃጥልም?»

«ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም» አለና ሻዩን አነሳ።

ጎረቤቴ አለቀሰች። እኔ መከላከያው ሳይመለስ ማናችንም ያንን ማሽን እንዳንነካ ወሰንኩ። ሴቶቹም ተስማሙ።

በማርያም ቀን ከባድ ሥራ እንደማንነካ የክፍሉ ኃላፊ ያውቃል፤ ሁልጊዜም ማጠፍ ብቻ ይሰጠን ነበር። ማግስቱ ማርያም ነበረች። በነጋታውም ከማሽኑ ርቀን ሲያየን መጣ።

«ዛሬስ ማን ነው?»

«ዑራኤል።»

«ነገ?»

«ጊዮርጊስ።»

«የእናንተ ቅዱሳን አያልቁም እንዴ?»

«አያልቁም፣ ያ ኡስታዝ። ወሩ ሙሉ ተይዟል።»

አልዋሸሁም። ሌላ ጊዜ ሠርተን የምናሳልፋቸውን በዓላት ሁሉ ያን ሰሞን አከበርን።

«ሥራ የሚፈልግ በር ላይ ሞልቷል» አለ።

«ያስገቧቸው። ጎረቤቴም እዚያው በሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ሲገቡ እጇን ያዩታል።»

የገባ ሰው አልነበረም። ያልተተኮሰው አንሶላ ተከመረ፤ ከየክፍሉ ነርሶች እየመጡ ኃላፊውን ይጨቀጭቁት ጀመር። በመጨረሻ በያጅ አምጥቶ መከላከያውን አስገጠመ።

«ይኸው። ሕግ አስገድዶን እንዳይመስላችሁ።»

«አልመሰለንም። ሕግ እንደማይነካችሁ ተነግሮናል» አልኩትና እርጥብ አንሶላ አነሳሁለት። «መጀመሪያ እርስዎ ያሳልፉት።»

ሳቀ። ከእኛ ወገን የሳቀ አልነበረም። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጣቶቹን ከብረቱ እያራቀ አስገባው። የአንሶላው ጫፍ በወዲያ በኩል እስኪወጣ ድረስ ከአጠገቡ አልተነቃነቅሁም።