የጋሽ ገብረጊዮርጊስ ጥሩምባ

ጋሽ ገብረጊዮርጊስን «ቫይረሱ መጣ» እያላችሁ የምትስቁ የአብነት ጎረምሶች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተም ጭምር ነው። ሰውየው ስም አላቸው። እናንተ ከመወለዳችሁ በፊት ጀምሮ የዚህን ሰፈር ሞት ሲናገሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው። አያቶቻችሁ ሲሞቱ ጎረቤቱ ሁሉ የደረሰው፣ እሳቸው በየጉራንጉሩ እየዞሩ ጥሩምባ ስለነፉ ነው።

እኔ ሠርካዲስ እባላለሁ። አብነት ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ፣ ሲም ካርድ እሸጣለሁ፣ የእድሩም አባል ነኝ። ቁጡ ናት ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

እድራችን የክርስቲያንም የሙስሊምም ነው። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ለሁሉም እንደየወጉ ነው የሚናገሩት። ክርስቲያን ሲሞት «አርፈዋል» ይላሉ፣ ሙስሊም ሲሞት «ወደ አኺራ ሄደዋል» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም። የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ ይናገሩና ሰዉ ሁሉ መስማቱን ሳያረጋግጡ ቤታቸው አይገቡም ነበር።

ከዚያ የሰፈሩ ግማሽ ፈረሰ። ሰዉ ገሚሱ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ገሚሱም ራቅ ብሎ ሄደ። እድሩ ግን አልፈረሰም። ጥሩምባው ፎቅ ላይ አይሰማም፣ የጋሼም ጉልበት ደረጃ እንቢ አለ። ስለዚህ እድሩ ስልክ ገዛላቸው፣ የድምፅ መልዕክት አላላኩን እኔ አስተማርኳቸው። መጀመሪያ ጥሩምባውን ስልኩ ላይ ይነፋሉ፣ ቀጥሎ ይናገራሉ። ጥሩምባው አሁን ይቅር ብላቸው ተቆጡኝ፤ ሞት ያለ ጥሩምባ አይነገርም አሉ። እኔም ተውኳቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ጉልበት ሕመም የሚያስረዳ ነገር ስልካቸው ላይ ሲያዩ ገጹ ድንገት ቀላ። ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ አምቡላንስ ይጮኻል። ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል፣ አሁኑኑ ካላጸዱ በውስጡ ያሉ ስሞችና ቁጥሮች በሙሉ ይጠፋሉ ይላል። ከሥሩ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል።

ሌላ ሰው ቢሆን ለፎቶው ይደነግጥ ነበር። እሳቸው የደነገጡት ለእኛ ነው። የእድርተኛው ሁሉ ቁጥር አደራ ተሰጥቶኛል፣ በእኔ እጅ ከጠፋ ነገ ማን ማንን ይቀብራል ብለው ነው። «አጽዳ» የሚለውን ነኩት። ማጽጃ ነኝ የሚል ነገር ስልኩ ውስጥ ገባ። ስሞቹን ልይ ወይ ሲላቸው እሺ አሉ፣ መልዕክት ልላክ ወይ ሲላቸውም እሺ አሉ።

እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው በሬን ሳይከፍት «ጓዳሽ ውስጥ አይጥ አለ» ቢለኝ አምነዋለሁ? ያ ቀይ ገጽም እንደዚያው ነው፤ ከውጭ ቆሞ የስልካችሁን ውስጥ የሚያይበት ዓይን የለውም። የሚጮኸው እንዳታስቡ ነው፣ ሰዓት የሚቆጥረው ሰው እንዳትጠይቁ ነው። ዝጉት። አልዘጋ ካለ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ተመልሶ ቢመጣም የሚሰጣችሁን ነገር አትቀበሉ። ይህን ሠርቶ የላከው ሰው የትም ይሁን የት፣ አንድ ሽማግሌ አደራ እንዳይበላ ሲንቀጠቀጥ እጁን ይዞ ወደ ገደል መርቶታል። አልምረውም።

ማጽጃ የተባለው ነገር ከጋሼ ስልክ ለእድርተኛው ሁሉ መልዕክት ላከ። «አስቸኳይ፣ ይህን ይክፈቱ» የሚል ነው። ሰዉም ከፈተ። እንዴት አይከፍት? ከጋሽ ገብረጊዮርጊስ መልዕክት መጣ ማለት ሰው ሞተ ማለት ነው። ማን ይሆን ብሎ ልቡ የተመታ ሰው ምን እንደሚነካ አያይም። ምግብ ላይ የነበረው ጉርሻውን አስቀምጦ ከፈተ፣ ሥራ ላይ የነበረው ከፈተ። የሁሉም ስልክ ቀልቶ ጮኸ፤ ብዙዎቹም እንደ ጋሼ «አጽዳ» የሚለውን ነኩ። በማግስቱ ሱቄ በር ላይ ተሰልፈው ሁሉም የሚሰድቡት ያንን ሌባ ሳይሆን ጋሼን ነበር።

የእድሩ ጸሐፊ በሱፍቃድ ወዲያው በእድሩ ቴሌግራም ላይ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ። «ከገብረጊዮርጊስ ስልክ የሚመጣ ማንኛውንም መልዕክት እንዳትከፍቱ» ይላል። ጋሽ የምትለዋን እንኳ ነፍጓቸዋል። ቀጥሎ ከቴሌግራሙ አስወጣቸው። ያን ቀን ማስጠንቀቁ ባልከፋ። እኔ ግን የጋሼን ስልክ አጽድቼ፣ ያንን ነገር ነቅዬ አውጥቼ፣ በሱፍቃድ ቢሮ ድረስ ሄጃለሁ። ስልኩ ንጹሕ ነው፣ አሁን ማስጠንቀቂያውን አንሳ፣ እዚያ ላይ መጻፍ የሚችለው አንተ ብቻ ነህ አልኩት። ጥንቃቄ አይከፋም አለኝ። ደግሜ ደወልኩለት፤ ስብሰባ ላይ ነኝ አለ። መንገድ ላይ አግኝቼው ለመንኩት፤ አስብበታለሁ አለ።

በዚህ መሀል እትዬ መይሙና ሞቱ።

እትዬ መይሙና የወሎ ሰው ናቸው፣ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ለቅሶ ቤት ከማንም ቀድመው ይደርሳሉ። ክርስቲያን ቤት ከሆነ ሥጋውን አይበሉም፣ ድስቱን ግን ያጥባሉ። የበሱፍቃድ አባት ሲሞቱ እንኳ ሳልስቱ እስኪወጣ ከዚያ ቤት አልጠፉም። ነፍሳቸው የወጣችው ማለዳ ነው። ልጃቸው አብዱራህማን ለጋሼ ነግሮ እናቱን ወደ ማሳጠቡ ገባ። እድሩ አለ ብሎ ሌላ ሰው ጋ አልደወለም።

ጋሼ ጥሩምባቸውን ነፍተው፣ ተናግረው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ላኩ። ከዚያ ጉልበታቸው የቻለውን ያህል በቀሩት የአብነት ቤቶች በእግራቸው ዞሩ። እኔ መልዕክቱን እንደሰማሁ ወደ ለቅሶው ቤት ሮጥኩ። ድንኳን የለም። አግዳሚ የለም። ድስት የሚጥድ ሴት የለም። ከግቢው ሰዎችና ከጥቂት ጎረቤት በቀር ማንም አልነበረም። መጀመሪያ ቀድሜ የደረስኩ መሰለኝ።

ጋሼ እያነከሱ ሲመጡ ግቢውን አዩ። ወደ በሩ ዞረው ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝና «ሠርኬ ልጄ፣ አልደረሰም እንዴ?» አሉኝ። ደርሷል። አንዳንዱ ጭራሽ ዘግቷቸዋል፣ የቀረው አይቶ ሳይከፍት ትቶታል። ይህንን እንዴት ልንገራቸው? ስልኩን መለስኩላቸው። እሳቸው ግን ገባቸው። የሙስሊም ቀብር አያድርም፣ ሰውን ዞሮ ለመጥራት ጊዜ አልነበረም። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ተሰግዶ ጀናዛው ወጣ። መስጊድ የነበሩ ሰዎች፣ አላህ ይስጣቸው፣ ቃሬዛውን ተቀባብለው ኮልፌ መቃብር አደረሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀበሩለት እድር ግን አልነበረም። ጋሼ በዚያ ጉልበታቸው ከኋላ እየጎተቱ ሄዱ።

በማግስቱ ወሬው ተሰማና እድርተኛው ጎረፈ። ድንኳኑም ያን ጊዜ ተተከለ። እያንዳንዱ ሰው አብዱራህማን ጋ ጎንበስ እያለ ያንኑ ይላል፦ መልዕክቱን አይቼው ነበር፣ ቫይረስ መስሎኝ ነው። አብዱራህማን ለሁሉም አንገቱን ሲነቀንቅ ቆየና መጨረሻ ላይ ቀና አለ።

«እናቴ ማንን በድላ ነው?» አለ።

በሱፍቃድ ጉሮሮውን ጠረገና እድሩ በጣም ማዘኑን፣ ጋሼ ግን በሰዓቱ በደንብ አለማሳወቃቸውን፣ ለወደፊቱ ሌላ ሰው እንደሚታሰብ ተናገረ። ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ።

እኔ ግን አልቻልኩም። ተነስቼ ድንኳኑ መሀል ቆምኩ። ስልኬን አውጥቼ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩና የጋሼን መልዕክት አጫወትኩት።

ጥሩምባው ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ደነገጠ። ቀጥሎ ድምፃቸው መጣ።

«እድርተኞች። እትዬ መይሙና ሁመድ፣ የአብዱራህማን እናት፣ ወደ አኺራ ሄደዋል። ቀብራቸው ዛሬ ከዙህር በኋላ ኮልፌ ነው። ቶሎ ድረሱ፣ ቀብሩ አይዘገይም።» ትንፋሻቸው ይሰማል። «እባካችሁ፣ ይሄ ቫይረስ አይደለም። እኔ ነኝ። ገብረጊዮርጊስ ነኝ።»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። አብዱራህማን ተነስቶ ጋሼ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። ጋሼ እጁን ያዙት እንጂ ቀና ብለው አላዩትም።

በሱፍቃድ ስልኩን አወጣ። አጎንብሶ አንድ ነገር ነካና መልሶ ኪሱ ከተተው። የእኔን ከፍቼ አየሁ። ማስጠንቀቂያው ጠፍቷል። ስለምነው የሰነበትኩት ነገር ይህንን ያህል ነበር፤ አንዴ በጣት መንካት።