አድራሻ ያለቀበት ጠዋት

በፈረንጆቹ 2009፣ በስዊድን በጋ፣ የሰኔ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው።

ያኔ ቬሊንግቢ በሚባል ሰፈር፣ የአረጋውያን መኖሪያ ቤቶችን ለሚያስተዳድር ድርጅት የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። እናቴ ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ፣ ሃሉንዳ አቅራቢያ ትኖር ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣችው ልጄን ልታሳድግልኝ ነው፤ አሳደገችልኝ። በኋላ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ስኳሯም ቤት ብቻዋን የሚያስውላት አልሆነም። አልጋና ነርስ ያለበት ቤት ስላገኘችልኝ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር፤ ዛሬም አመሰግናለሁ።

እናቴ ስዊድንኛ አታውቅም። ጾም ደግሞ አታፈርስም። የንስሐ አባቷ በስልክ «ለበሽተኛ ጾም የለም» ብለዋት ነበር።

«ለበሽተኛ ነው ያሉት፤ እኔ ምን ሆንኩ?» አለችኝ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ በአፏ አይዞርም። ለምነን ለምነን ሲያቅተን የቤቱ ነርስ ሐኪሙን አማከረችና የጠዋት ኢንሱሊኗን ለጾሙ ወራት ቀንሳ ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወረችው። ለውጡን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። «አሁን ማንም ቢመጣ እዚህ ያየዋል፤ አይዞሽ» አለችኝ። ጁላይ ሲገባ ለእረፍት ሄደች።

በዚህ አገር ጁላይ ሲገባ መደበኛው ሠራተኛ ሁሉ ይሄዳል። ነርሷም፣ አለቃውም፣ ምግብ አብሳዩም። ቦታቸውን ቪካሪ የምንላቸው ምትክ ሠራተኞች ይይዛሉ፤ ለጠዋት አንዱ፣ ለከሰዓት ሌላው፣ ለነገ ደግሞ ሌላ። መደበኛዎቹ የማንን መድኃኒት መቼ እንደሚሰጡ በቃላቸው ያውቃሉ። ቪካሪ ግን የሚያውቀው ስክሪኑ የሚነግረውን ብቻ ነው።

በዚያ ጸደይ የቤቶቹን ኮምፒውተሮች አንስተን በምትካቸው ትንንሽ ሳጥኖች አስቀምጠን ነበር። ሳጥኑ በራሱ ምንም አያውቅም። ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ፣ እኛ ቢሮ ባለው ትልቅ ሰርቨር ውስጥ ለእሱ ብቻ አዲስ ኮምፒውተር ይፈጠራል፤ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ይጠፋል። በእጅ አይዳሰስም። ቢሆንም እንደማንኛውም ኮምፒውተር የኔትወርክ አድራሻ ካላገኘ የትም አይደርስም። አድራሻ የሚያድል ሌላ ሰርቨር አለ። ያሉት አድራሻዎች የተወሰኑ ስለሆኑ ለጊዜው ያውሳል፤ ጊዜው ሲያልቅ መልሶ ይወስዳል።

ያን ቀን ጠዋት ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። መጀመሪያ የደወለው እዚያው ቬሊንግቢ ካለው ቤት አንድ ቪካሪ ነው።

«ይሽከረከራል እንጂ አይከፈትም» አለኝ።

«ኬብሉን ነቅለህ ሰካኸው?»

«ደጋግሜ። ከአሁን በኋላ ብነቅለው ግድግዳው አብሮ ይመጣል።»

የእሱን ኮምፒውተር ከእኔ ዘንድ ከፍቼ አድራሻውን አየሁ። ከእኛ አድራሻዎች አይደለም። ኮምፒውተር ጠይቆ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚያወጣው ቁጥር ነው፤ በእሱ ማንም ዘንድ አይደረስም። አድራሻ አዳዩ ሰርቨር ሞቶ እንደሆነ አየሁ፤ አልሞተም። መስመሩን ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ከሌሎች ቤቶችም መደወል ጀመሩ።

በእረፍት ላይ ላለው የሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ። ደሴት ላይ ነው፤ የጀልባ ሞተር ይሰማል።

«ሰርቨሩን አጥፍተሽ አስነሺው» አለኝ። «ሌላ ምንም እንዳትነኪ። እረፍቱ እስኪያልቅ ለውጥ ክልክል ነው።»

«ካልሠራስ?»

«ካልሠራ ጸልዪ። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ክፉ ሰው አይደለም።

አጥፍቼ አስነሣሁት። ምንም አልተለወጠም። የተዋሱትን አድራሻዎች አንድ በአንድ ማየት ስጀምር ነገሩ ገባኝ። አድራሻው ሁሉ ተሰጥቶ አልቋል፤ የተሰጠው ግን ለሌሉ ኮምፒውተሮች ነው። ቪካሪው ገብቶ ይወጣል፣ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ አድራሻው ግን በሌለው ስም ተይዞ ይቀራል። የውሰቱ ጊዜ ረጅም ነበር፤ እንዲያ እንዲሆን የተወሰነው፣ ኮምፒውተር አንድ ጠረጴዛ ላይ ዓመታት በሚቀመጥበት ዘመን ነው። ሳጥኖቹን ስናስገባ ማናችንም አላስታወስነውም። መደበኛው ሠራተኛ ጠዋት ከፍቶ ሥራ ሲያበቃ ስለሚዘጋ አድራሻው ይበቃ ነበር። ቪካሪዎቹ ግን በየክፍሉ እየገቡ እየወጡ ጨረሱት።

ስልኩ ጮኸ። እናቴ ካለችበት ቤት ነው፤ የአንዲት ወጣት ቪካሪ ድምፅ።

«እዚህም አይከፈትም» አለች።

«መድኃኒት እንዴት ሰጣችሁ?»

«የታተመ ወረቀት አለ። በእሱ።»

«መቼ የታተመ?»

«እንጃ። በበረዶው ወራት ይመስለኛል።»

የእናቴን ክፍል ነገርኳት።

«እሷን ሰጥቻታለሁ፣ ሙሉውን፣ በሁለት ሰዓት። ቁርሷን ግን እምቢ አለች። ደጋግሜ አቀረብኩላት፤ ራሷን ትነቀንቃለች።»

አራት ሰዓት ሊሆን ነው።

«እናቴ ናት» አልኳት። «ስኳሯ እየወረደ ነው። ጭማቂ ይዘሽ ሩጪ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ።»

የእግሯን ኮቴ ሰማሁ። ከዚያ የእናቴን ትንፋሽ።

«እማዬ።»

«አቤት ልጄ።» ምላሷ ተሳስሯል። «ሥራ አልሄድሽም እንዴ?»

«የያዘችልሽን ጠጪ።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«መድኃኒቱን ያለሰዓቱ ሰጥተውሻል። ጠጪ፣ በእመቤታችን።»

«ልጅቷን እንዳትቆጪያት። ደግ ናት። ጎንበስ ብላ ካልሲዬን አጠለቀችልኝ።»

«እማዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።»



«አትዋሺ» አለችኝ። «ፀሐይዋ ገና በዚህ በኩል ናት።»

ሌላ ነገር ልትል ጀምራ ቃሉ አልወጣላትም። ብርጭቆ ሲወድቅ ሰማሁ። ልጅቷ ጮኸች። አምቡላንስ እንድትጠራ፣ ድዷን ስኳር እንድትቀባት ነገርኳት። ስልኩ ተዘጋ።

ቦርሳዬን ይዤ ተነሣሁ። ሌሎቹ ስልኮች ይጮሃሉ። በየቤቱ የሰው እናት አለች፤ በየቤቱም የቆየ ወረቀት አለ። ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ቆሜ ሠራሁት። የጠፉትን ኮምፒውተሮች አድራሻ ሁሉ ሰረዝኩ። የውሰቱን ጊዜ አሳጠርኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም። በእያንዳንዱ «አቤቱ ማረን» እያልኩ ነው የሰረዝኩት።

የቬሊንግቢው ልጅ ደወለ። «ተከፈተ! ግድግዳውም ተረፈ» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ከአረንጓዴው የባቡር መስመር ወርጄ ቀዩን እስክይዝ፣ ከዚያም የወሰዷት ሆስፒታል እስክደርስ ድረስ ዳዊቴን ከቦርሳዬ ማውጣት አልቻልኩም። 

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ከአምቡላንሱ ጋር አብራ መጥታለች። ከልጄ ብዙም አትበልጥም።

«ወረቀቱ ላይ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ። ካልሲዋን እንዳጠለቅሽላት ነግራኛለች።»

እጇን ይዤ አብሬያት ቆምኩ። ያለቀሰችው እሷ ናት።

ሐኪሙ ሲያናግረኝ ዓይኔን እያየ ነበር፤ ለዚያ አመሰግነዋለሁ። ስኳሩ ተመልሷል አለኝ። ዝቅ ብሎ የቆየው ግን ለረጅም ጊዜ ነው፤ ዕድሜዋ ላይ ተደርቦ ጎድቷታል። ትኖራለች። ምን ያህሉ እንደሚመለስላት ግን ተስፋ ሊሰጠኝ አልፈለገም።

እናቴ ዓይኗ ተከፍቷል። ስሜን አልጠራችም። መቁጠሪያዋን መዳፏ ላይ አደረግሁላት፤ ጣቶቿ አልጨበጡትም።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ይዤ ተመለስኩ። ቁርስ ይዘው መጡ፤ በወተት የተሠራ ገንፎ ነው። ሌላ አልነበረም፤ መዋጥ የምትችለውም እሱን ነው አሉ። ትራሷን ከፍ አድርጌ ማንኪያውን አቀረብኩላት።

ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። አያቷ ናት ጾምን ያስተማረቻት።

«እማ፣ ወተት እኮ ነው» አለች በስዊድንኛ።

«አውቃለሁ።»

እናቴ አፏን ከፈተች። ስንት ሰዓት እንደሆነ አልጠየቀችም። ፀሐይዋ ገና በዚያው በኩል ነበረች። ዋጠች፤ እንደገና ከፈተች። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አበላኋት። አፏን ጠረግሁ። ከማዕድ በኋላ እሷ የምትለውን ጸሎት በእሷ ፋንታ ቆሜ አደረስኩ፤ ልጄም «አሜን» አለች።