ጥላሸት የሌለው እሳት

ልጅ ሳለሁ፣ ውጭ አገር ሽሊረን በምትባል ከተማ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ አራተኛ ፎቅ ላይ ስንኖር፣ ተረት የሚነግረን ሰው የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ግን እውነቴን ነው። ሌሎች ልጆች የጅብና የቀበሮ ተረት ሲሰሙ እኔና ታናሽ ወንድሜ ናታን የካርቦንን ልጆች ታሪክ እየሰማን አደግን። ሌሎቹ ጅብ ሲፈሩ እኛ የምንፈራው ጠርሙስ ውስጥ ያለውን፣ ስፒሪት የሚባለውን የሚነድ አልኮል ነበር።

ጋሽ መኮንን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖር ነበር። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር እንደነበር እናውቃለን፤ እዚህ ግን ላገር በምንለው ትልቅ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይደረድር ነበር። አባቴ ጄኔቭ ሆቴል ውስጥ ስለሚሠራ በወር ሁለት ጊዜ ቢመጣ ነው። እማዬ አልተርስሃይም፣ ማለትም የአረጋውያን መኖሪያ፣ ከሰዓት በኋላ ስትገባ እኛን ለጋሽ መኮንን ትታን ትሄዳለች። በግራ እጁ ላይ ብርድም ሆነ ሙቀት የማያስወልቀው ስስ ጥቁር ጓንት ነበረ። ለምን እንደሚያደርገው ጠይቀነው አናውቅም። አብሮት የተወለደ ይመስለን ነበር።

ያኔ በብርዱ ወራት ከትምህርት ቤት ተመልሰን ቦርሳችንን ሳናስቀምጥ ይጨልማል። ጋሽ መኮንን መብራቱን አጥፍቶ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ሻማ ይለኩሳል፤ የሚያልፈው ባቡር መብራት ኮርኒሳችን ላይ እየተንሸራተተ ሲሄድ ዝም ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ ይጀምራል።

«ካርቦን አራት እጅ አለው» ይላል። «እጅ ስለበዛለት ብቻውን መቆም አይወድም፤ ከመሰሉ ጋር ይያያዛል። ሁለት ሦስት ሆነው የተያያዙት ቀላል ናቸው፤ ይበራሉ። ጋዝ የምንላቸው እነሱ ናቸው። ስምንት አካባቢ የሆኑት ይፈሳሉ፤ መኪና ያስኬዳሉ። ሃያና ሠላሳ ሆነው የተያያዙት ግን ከባድ ናቸው፤ መነሳት ያቅታቸዋል። ይኸው ፊታችሁ ቆመዋል።»

ፊታችን ያለው ሻማው ነው። እፍ ብሎ ያጠፋዋል። ከክሩ ላይ ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ፣ ጋሽ መኮንን የለኮሰውን ክብሪት ወደ ክሩ ሳይሆን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ወደ ጭሱ ያስጠጋዋል። ነበልባሉ ጭሱን ይዞ ቁልቁል ይወርድና ሻማው ማንም ሳይነካው ይበራል። ናታን እጄ ስር ይሸጎጣል። የኔም ፀጉር ይቆማል፤ ግን «ድገመው» የምለውም እኔው ነበርኩ።

«አልሞተም ነበር እኮ» ይለናል ጋሽ መኮንን በዝግታ። «ጭሱ ራሱ ሰም ነው። ሰም ሆኖ እየወጣ ነበር፤ መንገድ ላይ አገኘነው።»

አንድ ቀን ደግሞ ቁራሽ ዳቦና የጥጥ ሸሚዜን እጅጌ አጠገብ ለአጠገብ ይዞ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት የስኳር ዶቃ የተሠሩ መሆናቸውን ነገረን። ዶቃው ሺህ ጊዜ ተሰክቶ ዳቦ ውስጥ ያለው ስታርች ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሁለተኛ ዶቃ ተገልብጦ ሲሰካ ግን ጥጥ ይሆናል፣ እንጨት ይሆናል፣ ወረቀት ይሆናል። «በዚች መገልበጥ ብቻ አንዱን ትበያለሽ፣ አንዱን ትለብሻለሽ» አለኝ። ያን ቀን አልጋ ውስጥ ገብቼ የሸሚዜን ኮሌታ እስኪርስ አኘክሁ። አልጣፈጠኝም። ግን አንሶላው፣ የአልጋው እንጨትና ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ሁሉ በአንድ ወቅት የሚበላ ነገር ለመሆን ተቃርበው ሐሳባቸውን የቀየሩ መስሎኝ ዓይኔን መጨፈን ፈራሁ።

የስፒሪቱን ተረት የነገረን አንዴ ብቻ ነው። ማንኪያ ሻማው ነበልባል ውስጥ አስገብቶ ሲያወጣው ሆዱ ጠቁሮ ነበር። «እሳትን የሚያሳየን ይህ ጥላሸት ነው» አለ። «ግሎ ስለሚያበራ ሻማው ቢጫ ሆኖ ይታየናል። ስፒሪትም የካርቦን ልጅ ነው፤ ግን ራሱ ላይ ቁራጭ ውሃ ስለደፋ ከውሃም ከእሳትም ጋር ይስማማል። ሲነድ ጥላሸት የለውም። ጨለማ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ታዩት ይሆናል። ፀሐይ ላይ ግን አይታይም። ጠፋ ትላላችሁ። እሱ እዚያው ተቀምጦ ያያችኋል።»

ቀጥሎም ስለ አንድ አስተማሪ ነገረን። አስተማሪው ፀሐይ በሞላበት ክፍል ውስጥ የስፒሪት ኩራዙ የጠፋ መስሎት ከጠርሙስ ጨመረበት። እሳቱ የሚፈሰውን ይዞ ወደ ጠርሙሱ ወጣ፣ ከጠርሙሱም ወደ ፊት ተተፋ። ፊተኛው ወንበር ላይ መዓዛ የምትባል ልጅ ተቀምጣ ነበር። ጋሽ መኮንን እዚህ ላይ ሲደርስ የጠቆረውን ማንኪያ መጥረግ ጀመረ።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ አስተማሪው መጀመሪያ ወረቀት ማስጠጋት ነበረበት። ጠፍቷል ማለት የሚቻለው ወረቀቱ ሳይነድ ሲቀር ነው። በቃ።»

ነገሩን ያበላሸው ናታን ነው። አምስት ዓመቱ ነበር፤ አማርኛውንና የሰፈሩን ጀርመንኛ አንድ ላይ ነበር የሚያቦካው። «እማዬ፣ ጋሽ መኮንን ኬርዘውን ገደለው፣ ከዛ ጋይስቱ ተመልሶ ገባበት!» አላት። ሻማውን መግደል፣ መንፈሱንም መመለስ ማለት ነው። እማዬ ጥቂት ሰዎች ያሉባት የጴንጤ ጉባኤ አባል ናት፤ ለእሷ የመንፈስ ነገር ጨዋታ አይደለም። በማግስቱ ጋሽ መኮንንን በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ጋሽ መኮንን፣ ለልጆቼ ስላደረግህላቸው ሁሉ እግዚአብሔር ይባርክህ። እንዲህ ያለ ነገር ግን ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም።»

በሁለት ቃል ሊያስረዳት ይችል ነበር። እሱ ግን «እሺ እህቴ» ብሎ ደረጃውን ወረደ። እኛም የጋሽ መኮንንን ተረቶች ደግመን እንዳናነሳ በጌታ ስም አስማለችን። ከዚያ በኋላ የምንውለው ትምህርት ቤቱ በሚያዘጋጀው ማቆያ ሆነ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ጋሽ መኮንን ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። በጣም ናፈቀኝ፤ ናታንንም ለብዙ ሳምንት አኮረፍኩት።

ብርዱ ሊወጣ ሲል በአንድ እሁድ የጉባኤው ሰዎች ከአምልኮ በኋላ ቤታችን ምሳ በሉ። እማዬ ረሾ የሚባለውን፣ የዚህ አገር ሰው ገበታ ላይ አይብ የሚያቀልጥበትን ትንሽ ምድጃ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ገዝታ ወጥ ማሞቂያ አድርጋው ነበር። የሚሠራው በስፒሪት ነው። ለሳምንታት ከጋረደን ጉም በኋላ ያን ቀን ፀሐይ ወጥታ ጠረጴዛውን ሞልታዋለች። እማዬ ጎንበስ ብላ አየችና «ጠፍቷል» ብላ ድስቱን አነሳች። የስፒሪቱን ጠርሙስም ከልብስ መደርደሪያው ላይ አወረደች። ናታን አገጩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ልክ ረሾው ፊት ተቀምጦ ነበር።

ስፒሪቱ የሚነድበትን የረሾውን ጽዋ አየሁት። ምንም የለም። ከበላዩ ግን የመስኮቱ ጠርዝ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቤቱ ዝም ብሎ ቆሞ ያቺ ቦታ ብቻ ትንቀጠቀጣለች። ማን እንደተቀመጠ ገባኝ። እሱም እያየን ነበር።

«እማዬ፣ አልጠፋም።»

«ልጄ፣ አትረብሺ።»

«እዚያው አለ። አይታይም እንጂ አለ።»

ፓስተሩ ቀና ብሎ አየኝ። የእማዬ ፊት ተለዋወጠ፤ ያስማለችኝን በሰው ፊት እንዳፈረስኩ ገብቷታል። የጠርሙሱን ክዳን ፈታች። እኔም የወረቀት ናፕኪን ብድግ አድርጌ በቀስታ ወደ ጽዋው አወረድኩት። ጫፉ ባዶ አየር ነካና ነደደ። ቢጫ ሆነ፣ ጨሰ፣ ሁሉም አየው። አንድ ሰው በለሆሳስ «በኢየሱስ ስም» አለ። ናፕኪኑን ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጣልኩት።

እማዬ ጠርሙሱን ይዛ ቆመች። ጽዋውን አየች፣ ከዚያ ናታንን። ክዳኑን መልሳ ስትዘጋው ከጥብቀቱ የተነሳ በኋላ አባቴ በፒንሳ ነው የከፈተው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሳህን ላይ ምግብ አውጥታ እጄን ይዛ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወረደች። ጋሽ መኮንን በሩን ሲከፍት የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረችው። «ይቅር በለኝ፣ ጋሽ መኮንን» አለችው። የሰማት አልመሰለኝም። የሚያየው እኔን ነበር።

«ናታን ከረሾው ምን ያህል ይርቅ ነበር?» አለኝ።

በሁለት እጄ ለካሁለት። አንድ ክንድ አይሞላም።

ቀኝ እጁን ጓንቱ ላይ አሳረፈ። «መዓዛም ይህንኑ ያህል ነበር የምትርቀው» አለ።

እማዬ ሳህኑን መሬት አስቀምጣ ጓንት ያለበትን እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጋሽ መኮንን ቤታችን ጠበቀን፤ ሻማውን ያቀበለችውም እማዬ ነበረች።

ዛሬ ጄኔቭ አጠገብ ባለችው ቨርሷ እኖራለሁ፤ ጄኔቭ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ሙከራ አዘጋጃለሁ። ያ ቤት፣ ያ የባቡር መብራትና ያ የሻማ ጭስ ሲርቁኝ የቀረኝ አንድ ልማድ ነው፤ የስፒሪት ኩራዝ ከመሙላቴ በፊት ወረቀት አስጠጋለሁ፣ ከልቤ እርግጠኛ ብሆንም አስጠጋለሁ። ተማሪዎቹ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። መዓዛን አይቻት አላውቅም፣ ምን እንደሆነችም እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። ግን ፀሐይ በመስኮቱ በገባች ቁጥር ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠች ይመስለኛል፤ ስለዚህ እዚያ ማንንም አላስቀምጥም። ተማሪዎቹ ለምን ባዶ እንደሚሆን ሲጠይቁኝ ለጥንቃቄ ነው እላቸዋለሁ። እሱም ውሸት አይደለም።