መጀመሪያ መዳፍህ ላይ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ ታሽጎ የመጣ ነገር አያምኑም ነበር። ቦንጋ ቤታቸው ወይን ይዞ የመጣ እንግዳ ሁሉ፣ እንደ ጠጅ አሳላፊ፣ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እሳቸው ፊት ይቀምሳል። ዓይናቸው ግን ወይኑ ላይ አልነበረም፤ የቀማሹ ፊት ላይ ነበር። አይተው አይተው «ይሁን፣ ቅዳ» ካላሉ ብርጭቆ አይሞላም።

«ጋሼ፣ ቡሹ እኮ ገና አልተነካም» እላቸዋለሁ።

«ጠጄ የተጣለበትን የማንኪራ ጫካ ማር የቆረጠውን ሰውዬ ከነአባቱ አውቀዋለሁ። ይሄን ማን እንደዘጋው ታውቂያለሽ?»



ባሌ ገና እጮኛዬ ሳለ ከአዲስ አበባ ቀይ ወይን ይዞላቸው መጣ። «መጀመሪያ አንተ ቅመስ» አሉት። ያከበሩት መስሎት ብርጭቆ ሞልቶ፣ እጅ ነሥቶ፣ ጭልጥ አደረገው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ቅመስ አልኩህ እንጂ ጨርስ አልኩህ?» አሉት። ከዚያ ወዲህ የሱን ጠርሙስ ከሰው ሁሉ ጠርሙስ አብልጠው ይጠረጥሩት ነበር። ተጋብተን፣ ልጆች ወልደን እንኳ አልተዉትም። እኔም በሆዴ እናደድባቸው ነበር።

ባለፈው እሁድ አርባቸውን አውጥተን፣ ለቀስተኛው ሄዶ ቤተሰቡ ብቻ ሲቀር ባሌ ወይን ከፈተ። ማንም ሳያዘው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ከዚያ እንደ ልማዱ ቀና ብሎ መስኮቱ ሥር ወዳለው ወንበራቸው አየ። እኛም አብረነው አየን።

ጠርሙሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «ቅዳ» የሚለው አልነበረም፤ ከኛም ማንም አልደፈረም።